ሳይቆጥሩ መቀባት

በዓለም አቀፍ የልማት ድርጅቶች ዘንድ ሪፖርት ማለት ካርታ ከሆነ ሰንብቷል። አገሪቱ በወረዳ ትከፋፈላለች፤ እያንዳንዱ ወረዳ ከፈዛዛ ቢጫ እስከ ጥቁር ቀይ አንድ ቀለም ይደርሰዋል። ቀጥሎ ጣት ሲያርፍበት ቁጥር ብቅ የሚያደርግ ዳሽቦርድ ይመጣል። ፕሮጀክተሩ ይበራል፣ ለጋሹ ራሱን ይነቀንቃል። በዚያ ካርታ ላይ ባዶ ቦታ ማግኘት ግን ብርቅ ነው። መጠይቅ ያልተሞላበት፣ ባለሙያ ያልረገጠው ወረዳ እንኳ ቀለሙን ለብሶ ይቀርባል። ክፍተትን በግምት መሙላት አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ግምቱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ካባ ደርቦ እንደ ስኬት መወደሱ ነው።

ከጀርባው ያለው እምነት «ቆጠራ ገንዘብ ይበላል፣ ጊዜ ይፈጃል፤ ሳተላይቱና የስልክ መረጃው ይበቃል» የሚል ነው። እምነቱ የቆመበትን መሠረት አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣው የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት ለዚህ አሠራር መነሻ ከሆኑት አንዱ ነው። ጥናቱ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያ፣ በኡጋንዳ፣ በማላዊና በሩዋንዳ የቀን የሳተላይት ፎቶን ከሌሊት መብራት ጋር እያዛመደ የየአካባቢውን ድህነት የሚገምት ሞዴል አቀረበ። ጎበዝ ሥራ ነው። ሞዴሉ ግን መልሱን የተማረው ቤት ለቤት ከተሰበሰበ መጠይቅ ነው። አንድ ሰው በር አንኳኩቶ፣ ስለ ወጪና ስለ ንብረት ጠይቆ፣ መልሱን መዝግቧል። የማሽኑ ፈተና የሚታረመው በዚያ ሰው ወረቀት ነው።

ያን ሰው ደግሞ ከሥራው እያስወጣነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አሜሪካ የውጭ ርዳታዋን ስታቋርጥ፣ ከኢትዮጵያና ከሳህል ረሃብ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 የተቋቋመው ፌውስ ኔት የተባለው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ድረ ገጹ ተዘጋ። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዲካሄድ ያገዘው ዓለም አቀፍ ፕሮግራምም በዚያው ሰሞን ገንዘቡን አጣ። ኋላ ከፊሉ ቢጠገንም፣ በመሀል የተሰማው ማጽናኛ «ክፍተቱን አስተውሎቱ ይሸፍነዋል» የሚል ነበር። በምን ተምሮ?

የእኛ ነገር ከዚህም ይብሳል። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የተቆጠረው ሕዝብ ከ73 ሚሊዮን በላይ ነበር። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. ይደረጋል ተብሎ፣ ታብሌት ሁሉ ተገዝቶለት፣ ደጋግሞ ተራዘመ። ያራዘመው የጸጥታና የፖለቲካ ችግር እንጂ የቴክኖሎጂ እጦት አልነበረም። ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ግምትና የአገራችን የስታቲስቲክስ አገልግሎት ትንበያ በብዙ ሚሊዮን ሰው ይራራቃሉ። ታዲያ ከመቶ ይህን ያህሉ ሕፃናት ተከተቡ፣ ይህን ያህሉ ቤተሰብ ንጹሕ ውኃ አገኘ እያለ የሚያንጸባርቅ ዳሽቦርድ የሚያካፍለው ለየትኛው ቁጥር ነው? በስላይዱ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «ትንበያ» ተብሎ ይጻፋል። አንዳንዴም አይጻፍም።

ጉዳቱ ጎልቶ የወጣው በትግራይ ጦርነት ጊዜ ነው። ረሃብ ተብሎ ለማወጅ በዓለም አቀፉ የምግብ ዋስትና ምደባ መስፈርት ቢያንስ 20 በመቶው ቤተሰብ ምግብ ፈጽሞ ያጣ፣ 30 በመቶው ሕፃን በምግብ እጦት ክፉኛ የተጎዳ፣ በቀንም ከ10,000 ሰው ቢያንስ ሁለቱ የሚሞት መሆን አለበት። ይህን ለማወቅ ሕፃን መመዘን፣ ሞት መቁጠር ያስፈልጋል። በሰኔ 2013 ዓ.ም. በወጣው ትንታኔ ከ350 ሺህ በላይ ሰዎች በመጨረሻው፣ በአምስተኛው ደረጃ ላይ እንዳሉ ሲገለጽ መንግሥት አልተቀበለውም። የሚያከራክረውን በልኬት ለመፍታት መንገዱ ዝግ ነበር። አብዛኛው ክልል ለሁለት ዓመት ገደማ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦበት ኖረ። የስልክ ጥሪ መዝገብ አይቶ ድህነትን የሚገምት ሞዴል እንዲህ ባለ ቦታ ምን ያያል? ስልኩ የተዘጋበት ሰው ለሞዴሉ ድሀም ሀብታምም አይደለም፤ የለም።

ማሽን የማያውቀውን የሚሞላው በለመደው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በ«ላንሴት ግሎባል ሄልዝ» የወጣ ጽሑፍ ይህን በፎቶ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ነጭ ሕፃናትን የሚያክሙ ጥቁር አፍሪካውያን ሐኪሞችን ምስል እንዲሠራ ሚድጆርኒ የተባለውን ሥዕል ሠሪ አስተውሎት ደጋግመው ጠየቁት፤ ታማሚዎቹ ግን ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ጥቁር ሆነው ወጡ። የልማት ድርጅቶች ለአሥርት ዓመታት የበተኑት ፎቶ ነው ተመልሶ የመጣው። በፎቶው የምናፍርበት ነገር በካርታው ውስጥ አይታይም እንጂ አለ።

በጎ ምሳሌ ሲጠየቅ ቶጎ ትጠራለች፤ ፍርዷንም ልስጣት። በኮሮና ጊዜ ኖቪሲ በተባለው ፕሮግራም በስልክና በሳተላይት መረጃ ድሆችን እየለየች ገንዘብ አደለች። እ.ኤ.አ. በ2022 «ኔቸር» ላይ የወጣው ግምገማ እንዳለው ዘዴው በአካባቢ ብቻ ከመምረጥ የተሻለ ነበር፤ የተሟላ የማኅበራዊ መዝገብ ቢኖር ኖሮ ግን ዘዴው ከመዝገቡ ይልቅ ብዙ ችግረኛ ያስቀር ነበር። ቶጎ እንዲህ ያለ መዝገብ አልነበራትም። በስብሰባ የሚጠቀሰው የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን የእኛን ሴፍቲኔት እንይ። ተጠቃሚው የሚመረጠው በቀበሌው ነው፤ ስም ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ይቀርባል፤ ቅር ያለው ሰው የሚሄድበት ይግባኝ ሰሚ ኮሚቴ ተደንግጓል። አድልዎ የለም አልልም፤ ዘመድ ይጠቀማል፣ ጉልበተኛ ይቀድማል። ግን ያዳላውን ሰው ስሙን ታውቃለህ፣ ፊት ለፊት ትሟገተዋለህ። አልጎሪዝም የቀነሳት መበለት ማን ዘንድ ትቁም? ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባል ነበር፤ አሁን ሳተላይትም ተጨመረ።

ነገሬ ሥዕልን መጥላት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 አገሮችን በተንቀሳቃሽ አረፋዎች የሚያሳይ ግራፉን ይዞ መድረክ ላይ የወጣው ሃንስ ሮዝሊንግ ቁጥርን ለብዙ ሰው ሕይወት ዘርቶበታል። ሰውየው ግን ቀደም ሲል በሞዛምቢክ ናካላ ሐኪም ነበር፤ የሕፃናትን ሞት ከሥር የሚያውቅ ሰው ነው። ተከታዮቹ አረፋውን ወረሱ፣ ናካላን ተዉ።

ስለዚህ በእነዚህ ድርጅቶች ውስጥ ለምትሠሩ፣ ሪፖርቱ ጠረጴዛችሁ ላይ ለሚደርስ ሁሉ የምለው አለኝ። ያልተለካውን ወረዳ ነጭ አድርጋችሁ ተዉት፤ ነጩ ያሳፍር። ለሚቀጥለው ዳሽቦርድ የተያዘውን በጀት ለመጠይቅ ሰብሳቢው አበልና ለመኪናው ነዳጅ አዙሩት። ማሽን ሰውን ከርዳታ የሚያስቀር ከሆነም የይግባኝ ወንበሩን ከማሽኑ በፊት አቁሙ። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ ካርታውን አታሳዩን።