«ፋክት ነው» ከማለታችን በፊት



ዛሬ ስለ አንዲት ቃል ነው የምጽፈው፤ ስለ «ፋክት»። ቃሏ ዜግነት አግኝታ አማርኛ ሆናለች፤ በስሟ መጽሔት ሁሉ ታትሟል። እኛ ጋ «ፋክት!» ማለት «ልክ ብለሃል» ማለት ነው። ክርክሩ ሲጦፍ ደግሞ «በቃ እመነኝ» ይሆናል። ቡና ላይ ምንም አይደል። ጉዱ የሚመጣው ይህችን ቃል ይዘን ለጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ስንቀርብ ነው።

በእንግሊዝኛው ፋክት ማለት አጥብቀን ያመንነው ነገር አይደለም። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ መነሻ ትርጉሙም «የተደረገ ነገር» ነው። ስለዚህ ጠያቂዋ ፋክት ስትል ምን ሆነ፣ መቼ፣ የት፣ ማን አደረገው ማለቷ ነው። ከዚያ «አንተስ በምን አወቅህ?» ትላለች። ብዙ ሰው የወደቀው እዚህች ላይ ነው።

አንድ የማውቀው ልጅ «ወንድሜን የገደሉት እነሱ ናቸው፣ ይሄ ፋክት ነው» አለ። «አይተሃል?» ሲባል «አላየሁም፣ ግን አገር ያወቀው ነው» ብሎ መለሰ። ይህ ልጅ እኮ ወንድሙን በሌሊት ከቤት አውጥተው ፒክአፕ ላይ ሲጭኑት በዓይኑ አይቷል! ያየውን ትቶ ያላየውን አስቀደመ። ያቺ አንዷ ስትላላበት እውነተኛዎቹም አብረው ተጠረጠሩ። መልሱ «አላመንንህም» ሆኖ መጣ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የሚገርመው አማርኛችን ለዚህ መሣሪያ አለው። እናቶቻችን ያልነበሩበትን ሲያወሩ «አሉ» የምትለዋን ጣል ሳያደርጉ አያልፉም። «ሰማሁ»፣ «ይመስለኛል»፣ «በዓይኔ አየሁ» ሁሉም ቦታ ቦታ አላቸው። አስተርጓሚው ግን «አሉ»ን ዋጥ አድርጎ ሊያልፋት ይችላል። ስለዚህ በግልጽ «ይህን የነገረችኝ ጎረቤታችን ናት» በሉ። «አላውቅም» ማለትም ነውር የለበትም።

ቀንና ሰዓት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። «ጥቅምት 2013» ያልነው እንዳለ ከተጻፈ 7 ዓመት ተበላን፤ በእነሱ አቆጣጠር 2020 ነው። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ያልነውም በእነሱ ሌሊት 2 ሰዓት ነው። ሳንዋሽ ውሸታም የምንሆነው እንዲህ ነው።

ሁሉን በማስረጃ አስደግፉ የሚል ሕግ ግን የለም። የ1951ዱ ስምምነት የሚጠይቀው በቂ ምክንያት ያለው ፍርሃት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በ1979 ያወጣው መመሪያም ስደተኛ ባዶ እጁን እንደሚሸሽ ያውቃል። ፋክቱን የማጣራት ሥራ የአመልካቹና የመርማሪው የጋራ ነው ይላል። ቃላችን በጥቅሉ የሚታመን ከሆነ፣ ማስረጃ ላጣንለት ነገር ጥርጣሬው ለእኛ እንዲተረጎም ይመክራል። ይህን የሚነግረን ሰው ስለሌለ ነው ክፍተቱን በ«አገር ያወቀው» የምንሞላው።

ማክሰኞ ቀጠሮ ያለሽ እህቴ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። ቀኖቹን በሁለቱም አቆጣጠር ወረቀት ላይ አስፍሪ። ያየሽውን ለብቻ፣ የሰማሽውን ለብቻ፣ ከነነገረሽ ሰው ጻፊ። ከመፈረምሽ በፊት ቃልሽ በአማርኛ ተመልሶ እንዲነበብልሽ ጠይቂ። የተሳሳተ ካለ እዚያው አስተካክዪ። ሰኞ ማታ ደውዪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።