የሱቁ ልጅ የከፈተው ስልክ

ባለፈው እሁድ አክስቴ ቤት ቡና እየጠጣን ሳለ ረከቦቱ አጠገብ የተቀመጠው ስልኳ ጮኸ። ላቀብላት ሳነሳው፣ በተቆለፈው ስክሪን ላይ የቴሌግራም መግቢያ ቁጥር አምስቱም አኃዝ ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

«እቴቴ፣ ይህን ቁጥር አንቺ ነሽ የጠየቅሽው?»

«የምን ቁጥር ልጄ?»

ደነገጥኩ፤ ሌላ ሰው ወደ ቴሌግራሟ ሊገባ እየሞከረ ነው ማለት ነው። አስከፍቼ ሴቲንጉን ሳይ ደግሞ ስልኩ የሚሠራበት ጂሜይል የእሷ አይደለም። ስልኩን የሸጠላት ልጅ ነው የከፈተው፤ ፓስወርዱንም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ክፋት አስቦ ነው አልልም፤ ሱቁ በሰው ተጨናንቋል፣ እሷም «አንተው አስተካክልልኝ» ብላዋለች። ግን ያንን ጂሜይል የያዘ ሰው ስልኩ የት እንዳለ ማየት፣ ከሩቅ ሆኖ መቆለፍ፣ በውስጡ ያለውንም ጠራርጎ ማጥፋት ይችላል። ቤት ስንከራይ የበሩን ቁልፍ እንቀይራለን፤ የስልኩን ቁልፍ ግን ሻጩ እጅ እንተዋለን። ሱቆቹም ቢሆኑ ስልኩን ለገዢው አቀብለው ፓስወርዱን ራሱ እንዲጽፍ ማድረግ ምን ይከብዳቸዋል?

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሲሙ ነው። ስክሪኑን በጣት አሻራ ቆልፈን እንረካለን፤ ሌባው ግን ስልኩን መክፈት አያስፈልገውም። ሲሙን አውጥቶ ሌላ ቀፎ ውስጥ ይከተዋል፤ ከዚያ በኋላ በእኛ ቁጥር የሚላከው የማረጋገጫ መልእክት ሁሉ ለእሱ ይደርሳል። ሲም ካርድ የራሱ ፒን እንዳለው የሚያውቅ ስንት ሰው ነው? ፒኑ ከተከፈተ፣ ሲሙ ሌላ ቀፎ ውስጥ ሲገባ ይጠይቃል፤ ሦስት ጊዜ ሲሳሳቱ ደግሞ ይቆለፍና ፐክ የሚባል የመክፈቻ ቁጥር ይፈልጋል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የብዙ ሰው የወር ወጪ በስልክ ነው የሚያልፈው። ለገንዘባችን የምንመርጠው ፒን ግን ዛሬም ብዙ ጊዜ በቀላሉ የሚገመት ነው።

ሁለተኛው ቡና ሳይወርድ ሥራ ጀመርን። በተቆለፈ ስክሪን ላይ መልእክት እንዳይነበብ አደረግን። በራሷ ስም ጂሜይል ከፈተች፤ ያስቀመጠቻቸውን የስልክ ቁጥሮች ወደዚያ አሻግረን የድሮውን አስወጣነው። የሲሟንም ፒን ከፈትን። ቴሌግራሟ ከመግቢያ ቁጥሩ ሌላ ሁለተኛ ፓስወርድ እንዲጠይቅ ስናደርግ «አንተው ጻፍልኝ» አለችኝ።

አልጽፍም አልኳት። ትንሽ አሰበችና መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«በል ፊትህን አዙር» አለችኝ።