ስለ አሸዋዋ ፕላኔት እና ስለ ዶርማችን ሰዓት



«ቁርኣን ሒፍዝ የጀመራችሁ ልጆች ልብ ወለድ ታነባላችሁ እንዴ?» ያለን ወንድም ጥያቄውን በቅንነት ነው የጠየቀን። ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂዱ በረንዳ ላይ ከሦስታችን በአንዱ እጅ ወፍራም መጽሐፍ አይቶ ነው። ያን ዕለት ተሳስቀን አለፍነው። ይህ የዘገየ መልሳችን ነው፤ መልሱ ግን ለእኛ ብቻ የሚያደላ አይደለም።

መጽሐፉ አሜሪካዊው ፍራንክ ኸርበርት እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመው «ዱን» ነው። በ2021 እና በ2024 የወጡትን ፊልሞች ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ታሪኩ የሚካሄደው አራኪስ በምትባል፣ ውሃ ከወርቅ በላይ በሚከበርባት የአሸዋ ፕላኔት ላይ ነው። ፍሬመን የሚባሉት የበረሃው ሰዎች ላባቸውንና የትንፋሻቸውን እርጥበት ሳይቀር አጣርቶ መልሶ የሚያጠጣ ልብስ ይለብሳሉ። (ለውዱእ ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የወጣ ሰው ይህ ልብስ ምን ያህል እንደሚያስቀና ይገባዋል።)

ቀልባችንን የሳበው ግን ቋንቋው ነው። ማህዲ፣ ሊሳን አል-ገይብ፣ ኡሱል፣ ጂሃድ የሚሉ፣ ደርስ ላይ የምንሰማቸው ቃላት በሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በኋላ በሚኖሩ ሰዎች አፍ ይነገራሉ። በዐረብኛ አደብ አስተማሪ ማለት የሆነው «ሙአዲብ» እዚያ የበረሃ አይጥ ስም ነው! ኸርበርት የዳግስታኑ ኢማም ሻሚል ከሩሲያ ዛር ጦር ጋር ስላደረጉት ተጋድሎ ከሚተርክ መጽሐፍ ብዙ ነገር እንደወሰደ ስናውቅ ደግሞ ደስታችን ጨመረ። የኛ ነገር እዚህ ድረስ ደርሷል ብለን ኮራን።

ኩራታችን ብዙ አልቆየም። አንዳችን «ቃላታችን እንደ ቅመም ተነሰነሱ እንጂ ተውሒዱ የታለ?» አለ፤ እውነቱን ነው። ሌላችንን ያናደደው ፊልሙ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚመጣውን «ጂሃድ» አውጥተው «ቅዱስ ጦርነት» ብለውታል። ደራሲው ቃሉን የደም ማዕበል ብቻ አድርጎ መጠቀሙ ባያስደስተንም፣ ውበቱን ከእኛ ወስዶ ስሙን መደበቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ከመጽሐፉ ሁሉ የበለጠብን ክፍል ግን የትንቢቱ ጉዳይ ነው። ቤኔ ጄሴሪት የሚባል የሴቶች ማኅበር ከዘመናት በፊት በየፕላኔቱ ሰዎችን እየላከ፣ አንድ ቀን የራሱ ሰው ሲቸገር እንዲጠቀምበት ሐሰተኛ ትንቢት ዘርቷል። ፖል የሚባለው ወጣት ሲመጣ ፍሬመኖች ምልክቶቹን አንድ በአንድ ይቆጥራሉ፤ ሁሉም ይገጥማሉ። የሚገጥሙት ደግሞ እንዲገጥሙ ስለተዘሩ ነው። ስቲልጋር የተባለው ጀግና መሪ ከጓደኝነት ወርዶ አምላኪ ሲሆን ፖል ራሱ አይቶ ያዝናል። በ1969 በወጣው ተከታይ መጽሐፍ የሟቾቹ ቁጥር 61 ቢሊዮን ደርሷል። ደራሲው የጻፈው ጀግናን በጭፍን መከተል ስለሚያመጣው ጥፋት ነው፤ ይህን ሳያስተውሉ ፖልን እያደነቁ የሚጨርሱ አንባቢዎች ግን ብዙ ናቸው። እኛም ከእነዚያ ነበርን። እንከኑንም እንናገር፦ መጨረሻው ይቸኩላል፣ ክፉውን ሰው ክፉ ለማስመሰል በውፍረቱ ላይ መረባረቡም ርካሽ ነው።

ፍሬመኖችን እንዲህ እየተቸን በነበርንበት ሰሞን ነው የገዛ ሰዓታችን ጉድ የሠራን።

እንደሚታወቀው ዕቃ መፈታታት እንወዳለን። ስለ አንዳንዶቹ አጭር አስተያየት እንስጥ። የጣት ዲጂታል ተስቢሕ፦ ባትሪው ያልቃል፣ ቁልፉ በኪስ ውስጥ ራሱን ይቆጥራል፤ ጣት ይሻላል። የስልክ ቂብላ ጠቋሚ፦ ማግኔት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ስለሆነ ተደራራቢው የብረት አልጋችን ያሳስተዋል። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ስልክ ሦስት አቅጣጫ አሳይቶናል። ከአዲስ አበባ መካ ያለችው ከሰሜን ትንሽ ብቻ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ስለሆነ፣ ፀሐይ የወጣችበትን ያስተዋለ ሰው ከስልኩ በላይ ያውቃል።

ሰዓቱን የሠራነው በአርዱዊኖ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሊያን ውስጥ ለተማሪዎች ተብሎ የተፈጠረ፣ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ሰሌዳ። የአምስቱን ወቅት ሶላት በቀይ ቁጥር ያሳይ ነበር። ችግሩ፣ አርዱዊኖ ኡኖ መብራት ሲጠፋ ሰዓት የሚቆጥርበት የራሱ ባትሪ የለውም። እኛም ዘዴ ፈጠርን፦ በየደቂቃው ሰዓቱን ኢኢፕሮም በሚባለው የማይረሳ ክፍሉ ላይ ይጻፍ፣ መብራት ሲመለስ ከዚያ ይቀጥል። (ይህ ክፍል ዋስትና ያለው ለ100,000 ጊዜ መጻፍ ነው። በየደቂቃው ከጻፍንበት ሰባ ቀን አይሞላም። ይህንንም ያወቅነው ዘግይተን ነው።)

ባለፈው ረመዳን፣ በመጨረሻዎቹ አስር ሌሊቶች በአንዱ፣ ሦስታችንም መስጂድ አድረናል። ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ መብራት ጠፍቶ ከ50 ደቂቃ በኋላ ተመለሰ። ሰዓታችንም ካቆመበት ቀጠለ። ዶርም የቀረው ጓደኛችን ሲነቃ ስልኩ ባትሪ ጨርሷል፤ በአልጋው በኩል ያለችውን አንድ ሶኬት ደግሞ የያዘው የኛው ሰዓት ነው። ቀና ብሎ ሲያይ 10 ከ25 ይላል። ተረጋግቶ ተሰሐረ፣ ሻዩን ጠጣ፣ ወደ መስጂድ ወጣ። በሩ ላይ ያገኘው ሱብሒን ሰግዶ የሚወጣውን ሰው ነው።

ከሁሉ ያሳፈረን «ምነው ስልክ ሳልጠይቅ» ብሎ ራሱን መውቀሱ ነው። የወቀሰው እኛን አልነበረም። የሠራነውን ዕቃ ሳንፈትን ግድግዳ ላይ የሰቀልነው፣ ቀይ ቁጥሩ ሲያምር አይተን «ተማመኑበት» ያልነው እኛ ነን። ኡስታዝን ስንጠይቃቸው፣ ዑለሞች የተለያዩበት ቢሆንም አብዛኞቹ ቀዷ ያወጣል እንደሚሉ ነገሩን። በሸዋል ቀዷውን ሲያወጣ እኛም ከስድስቱ አንዱን አብረነው ጾምን፤ የኢፍጣሩን ወጪም ቻልን።

ለበረንዳው ወንድማችን፦ አንዳችን በ«ዱን» ምክንያት አምሽቶ ሱብሒ ጀመዓ እንዳመለጠው አንደብቅህም። አሁን መጽሐፉ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ አይከፈትም። ግን አንብበን ባንወያይበት ኖሮ ከዚያ ሌሊት በኋላ ነገሩን «የመብራት ችግር ነው» ብለን እንዘጋው ነበር ብለን እናስባለን።

ሰዓቱን አልጣልነውም። ዲኤስ3231 የሚባል፣ በሳንቲም ባትሪ መብራት ቢጠፋም የሚቆጥር ክፍል ጨመርንበት፤ በዓመት የሚሳሳተው ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ሰባት ቀን ሙሉ እየነቀልን እየሰካን ፈተንነው። ከሥሩ «ለሱሑር ስልክም ይታይ» የሚል ወረቀት ለጥፈናል። ጓደኛችን በእስክሪብቶ «ሶኬቱን ከለቀቃችሁልኝ» ብሎ ጨምሮበታል።