ዱላ ለውሻ ምን ያስተምረዋል?

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ የግቢ ውሾች የሚያድጉት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ቡችላው እንደመጣ ጥቂት ሳምንት ልጆች ይጫወቱበታል። ጥርስ አውጥቶ ጫማ መቀርጠፍ ሲጀምር በሩ አጠገብ፣ ከቆርቆሮ ቤቱ ፊት፣ በሰንሰለት ይታሰራል። እንግዳ መጥቶ ሲጮኽ «ዝም በል!» ተብሎ ድንጋይ ይወረወርበታል፤ ሳይጮኽ ሰው ከገባ ደግሞ «ታዲያ ምን ሊሠራ ነው የሚቀለበው?» ይባላል። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ውሻ የሚያዘው ለጥበቃ ነው፣ ጠባቂ ደግሞ ኃይለኛ መሆን አለበት፣ ኃይለኛ የሚሆነውም ታስሮና ተገርፎ ሲያድግ ነው የሚል የቆየ እምነት ስላለ ነው።

ሙግቴ ከዚሁ እምነት ጋር ነው። ለእንስሳ ማዘን ብቻውን በቂ ምክንያት ይመስለኛል። ነገር ግን ለውሻው ደንታ የሌለው፣ ጥሩ ጠባቂ ብቻ የሚፈልግ ሰውም ቢሆን ዱላውን መጣል አለበት። ዱላ ለውሻ ማንን መፍራት እንዳለበት ይነግረዋል፤ ምን መሥራት እንዳለበት ግን አይነግረውም።

በየሰፈሩ የሚታይ አንድ ነገር እንውሰድ። መኪና ሊገባ በሩ ሲከፈት ቡቺ ሾልኮ ይወጣል። ዘበኛው «ቡቺ ና! ና!» እያለ ሰፈሩን ይዞራል። ውሻው ሲሮጥ ቆይቶ፣ የቆሻሻ ገንዳውን ሁሉ አሽትቶ፣ በመጨረሻ ጅራቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ጠራው ሰው ይመጣል። ያን ጊዜ አንገቱ ተይዞ ይገረፋል። ሰውየው የቀጣው ስለወጣ ነው። ለውሻው ግን መውጣቱ ያለፈ ነገር ነው፤ ከመገረፉ በፊት ያደረገው የመጨረሻው ነገር ሲጠሩት መምጣቱ ነው። በሌላ ቀን ሲያመልጥ «ና» የሚለውን ድምፅ ሰምቶ ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ሲጠጉት ይሸሻል። «ልቡ ያበጠ ውሻ» ይሉታል። ውሻው ግን የተሰጠውን ትምህርት አንድም ሳይስት ተቀብሏል።

«ጥፋቱን እኮ ያውቃል! ገና ሲያየኝ አንገቱን ይደፋል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ውሻ ካለው ሰው ሁሉ የሚሰማ መልስ ነው። ኒው ዮርክ በሚገኘው ባርናርድ ኮሌጅ የውሾችን አእምሮ የምታጠናው አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ ይህንኑ አንገት መድፋት ፈትሻ እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱን አሳትማለች። ባለቤቱ ውሻውን «ይህን እንዳትበላ» ብሎ ከክፍሉ ይወጣል። እሱ በሌለበት አንዳንዱ ውሻ ምግቡን ይበላል፣ አንዳንዱ ሳይበላ ምግቡ ይነሳል። ባለቤቱ ሲመለስ የሚነገረው ነገር አንዳንዴ እውነት፣ አንዳንዴ ሐሰት ነው፤ «በልቷል» ከተባለ ውሻውን ይቆጣል። አንገት መድፋቱ፣ ዓይን መስበሩ፣ ጆሮ ማጠፉ የታየው ባለቤቱ ሲቆጣ ነው፤ ውሻው መብላቱና አለመብላቱ ለውጥ አላመጣም። እንዲያውም ምንም ሳይበሉ የተቆጧቸው ውሾች ይበልጥ «ጥፋተኛ» መስለው ታይተዋል። ጸጸት የምንለው የቁጣችንን መልክ ያየ እንስሳ ልመና ነው። በዚህ ፊት ተመርቶ የሚቀጣ ሰው ንጹሑን ከጥፋተኛው የሚለይበት መንገድ የለውም።

በዱላ ፈንታ በሽልማት የማስተማሩን መንገድ ግን ተረታችን ቀድሞ ያውቀዋል፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል እንላለን። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1898 ድመቶችን በሳጥን እየዘጋ፣ ከውጭ ምግብ እያስቀመጠ ያሳየውም ከዚህ የራቀ አይደለም። መዝጊያውን የሚከፍተውን ነገር በአጋጣሚ ያገኘች ድመት፣ ደጋግማ ስትገባ ያንኑ ቶሎ ቶሎ ታደርጋለች፤ የማይጠቅመውን መቧጨር ትተወዋለች። ቶርንዳይክ መጀመሪያ ላይ ደስታ የሚያጠብቀውን ያህል ሕመም ያላላል ብሎ ነበር። በ1930ዎቹ ግን ሐሳቡን አሻሽሎ፣ ቅጣት ከሽልማት ጋር እኩል ጉልበት እንደሌለው ጽፏል።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ዱላው ለምን ዕድሜ አገኘ? አንዱ ምክንያት የተኩላ ታሪክ ነው። በ1947 ተመራማሪው ሩዶልፍ ሼንከል በስዊዘርላንድ ባዝል መካነ እንስሳት ውስጥ አብረው የተዘጉ ተኩላዎችን አጥንቶ፣ በመካከላቸው የአለቅነት ሽኩቻ እንዳለ ጻፈ። የአሜሪካዊው ዴቪድ ሜች የ1970 መጽሐፍም ይህንን ሐሳብ በሰፊው አሰራጨ። ከዚያ የውሻ አሠልጣኞች ተቀበሉት፦ ውሻ ተኩላ ነው፣ ተኩላ አለቃ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ውሻህን ጣለው፣ በጀርባው አንጋለው፣ ማን አለቃ እንደሆነ አሳየው። ዛሬም ጀርመን ሼፐርድ ይዘው ቪዲዮ የሚሠሩ ወጣቶች ሲደግሙት ይሰማል። ሜች ግን በሰሜን ካናዳ በኤልስሚር ደሴት የዱር ተኩላዎችን ለዓመታት በቅርብ ሲከታተል ያየው ሌላ ነው። መንጋ የሚባለው በአብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆቻቸው ናቸው፤ «አለቆቹ» ወላጆች ናቸው። በ1999 ይህንን በጽሑፍ አስተካከለ፣ የራሱ መጽሐፍ መታተሙ እንዲቆምም ሲወተውት ኖረ። አንድ ሊቅ የራሱን ሐሳብ ለማረም ይህን ያህል ሲደክም፣ ስሕተቱ በየግቢው የውሻ ጀርባ ላይ መውረዱን አለማቆሙ ያሳዝነኛል።

ሌላው ምክንያት ዱላ የሚሠራ መምሰሉ ነው። የተመታ ውሻ ወዲያው ዝም ይላል። አደገኛው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ልጅ ሳህኑ አጠገብ ስትደርስ የሚያጉረመርም ውሻ «ራቂ» እያለ ነው። በማጉረምረሙ ሲመታ ማስጠንቀቂያውን ይተዋል፤ ፍርሃቱ ግን የትም አልሄደም፣ እንዲያውም አሁን ልጅ ሲመጣ ዱላም እንደሚመጣ ተምሯል። አንድ ቀን ሳያጉረመርም ይነክሳል፣ «ድንገት ተለወጠ» ይባላል። በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሆስፒታል የባሕርይ ችግር ያለባቸው ውሾች ባለቤቶች ተጠይቀው በ2009 በወጣው ጥናት፣ ውሻቸውን መትተው ወይም ረግጠው ከነበሩት 43 በመቶው እንስሳው በቁጣ እንደመለሰላቸው ተናግረዋል። መጀመሪያውኑ ችግር ያለባቸው ውሾች ስለሆኑ ቁጥሩን ለውሻ ሁሉ ማዋል አይገባም። ዱላ የሚነሣው ግን በአብዛኛው በእንዲህ ዓይነቶቹ ላይ ነው።

በ2020 ፖርቱጋል ውስጥ 92 ውሾች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ ከንክሻ በፊት ያለውን አሳይቷል። በቅጣት በሚያሠለጥኑ ትምህርት ቤቶች የተማሩት በሥልጠና ሰዓት አብዝተው ያለከልካሉ፣ ያዛጋሉ፣ ከንፈራቸውን ይልሳሉ፤ ከምራቃቸው የተለካው የጭንቀት ሆርሞንም ከሥልጠና በኋላ ከፍ ይላል። ጭንቀቱ ከሥልጠናው ውጭም አመል ሆኖ ቀርቷል። በአንድ በኩል ያለው ሳህን ሁልጊዜ ምግብ እንዳለው፣ በሌላው በኩል ያለው ባዶ እንደሆነ ከተማሩ በኋላ ሳህኑ መሐል ላይ ሲቀመጥ፣ ብዙ ቅጣት የቀመሱት በዝግታ ይሄዳሉ። ከማያውቁት ነገር መልካም አይጠብቁም።

ታዲያ በሽልማት እንዴት ይሠለጥናል? ብጣቂ ሥጋ በሁለት ጣት ይዘህ ከውሻው አፍንጫ ላይ ቀስ እያደረግህ ወደ ኋላ፣ ወደ ጆሮው ትወስደዋለህ። ጭንቅላቱ ሲከተል መቀመጫው በራሱ ጊዜ መሬት ይነካል። በዚያችው ቅጽበት «ጎሽ!» ትላለህ፣ ሥጋውን ትሰጣለህ። «ጎሽ» ዘግይታ ከመጣች ውሻው ተነሥቷል፣ ያመሰገንከውም መነሣቱን ነው። ጥቂት ጊዜ ተደጋግሞ እጅህ ባዶውን ሲንቀሳቀስ ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ «ቁጭ» የሚለውን ቃል ትጨምራለህ። ልምዱ ሲጸና ሥጋው አልፎ አልፎ ይሆናል፤ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሽልማት ሁልጊዜ ከሚመጣው ይልቅ ልማድን አጽንቶ ያቆያል። «ለልጅ ያልተረፈ ሥጋ ለውሻ?» ለሚል ሰው መልሱ ቀላል ነው፦ ማታ በአንድ ጊዜ የሚደፋለትን ትራፊ ከፋፍሎ በሥራው እንዲያገኘው ማድረግ ነው። ቤት ማስገባትም አያስፈልግም፤ ይህ ሁሉ በረንዳ ሥር የሚሠራ ሥራ ነው።

ደግነት ልቅ መተው አይደለም። የሚዘልብህን ውሻ ጀርባ ትሰጠዋለህ፣ አራት እግሩ መሬት ሲነካ ዞረህ ታመሰግነዋለህ። ጫማው ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ክልከላው አለ፤ ሕመሙ የለም።

አሁን ወደ ጥበቃው ልመለስ። ቀን ከሌት የታሰረ ውሻ በነፋሱም፣ በድመቱም፣ በአላፊ አግዳሚውም ይጮኻል። ሁሌ ለሚጮኽ ውሻ ማንም ከአልጋው አይነሣም፤ ሌባ ይህን ከባለቤቱ የተሻለ ያውቃል። ጥሩ ጠባቂ የሚባለው በር ላይ ሰው ሲቆም ጮኾ፣ ባለቤቱ ወጥቶ «በቃ» ሲለው የሚያቆም ነው። ይህንን የሚያገኘው ሁለት ሦስት ጊዜ ከጮኸ በኋላ «በቃ» ብሎ ጠርቶ፣ ዝም ሲል የሚሸልመው ሰው ነው። «በሥጋ የለመደን ውሻ ሌባ በሥጋ ይገዛዋል» የሚለው ስጋትም ሲመረመር ወደ ዱላው ወገን ይዞራል። ለጉርሻ ፈጥኖ የሚሸጠው የተራበውና ከማንም ደግ ነገር አይቶ የማያውቀው ነው። መሬት የወደቀን አለመንካት ራሱ በሽልማት የሚሰጥ ትምህርት ነው፦ የተዘጋ እጅ ውስጥ ያለውን ማሽተቱን ትቶ ዓይንህን ሲያይ ከሌላኛው እጅህ የተሻለ ይሰጠዋል።

ለጭምቱ የቤት ውሻ ብቻ የሚሆን ዘዴ ነው የሚል ካለ ፈንጂ የሚያሸቱትን አይጦች ይይ። ታንዛኒያ ሞሮጎሮ ውስጥ አፖፖ የተባለው ድርጅት ትልልቅ የአፍሪካ አይጦችን በአንዲት የ«ቀጭ» ድምፅና በምግብ ያሠለጥናል። ካምቦዲያ የተላከው አይጥ ማጋዋ በ2020 የወርቅ ሜዳይ ተሸልሟል፤ በሥራ ዘመኑ ከመቶ በላይ ፈንጂና ያልፈነዳ መሣሪያ አሽትቶ አግኝቷል። እዚሁ አዲስ አበባም የአፖፖ አይጦች በአክታ ናሙና ውስጥ የቲቢን ሽታ ይለያሉ። የሰው ሕይወት ለሚያርፍበት ለዚህ ሥራ ሲሠለጥኑ በትር አይነሣባቸውም።

ለእኛ ግን ዱላውን ለመጣል ከሁሉ የሚቀርበው ምክንያት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሰው ላይ የሚደርሰው በሽታ እስከ 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ነው፤ ለመግታትም ከውሾቹ 70 በመቶው መከተብ አለባቸው። ክትባት ደግሞ የሚያዝ ውሻ ይፈልጋል። እጅ ሲነሣ ዱላ እንጂ ሌላ አይቶ የማያውቅ ውሻ ሐኪሙ ሲመጣ አጥር ሥር ይገባል፣ ወይም ያዢውን ይነክሳል፣ ሳይከተብም ይቀራል። ከክትባቱ ቀን በፊት ባሉት ሳምንታት በየዕለቱ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፦ አንገቱን ነካ፣ «ጎሽ»፣ ጉርሻ፤ ትከሻው ላይ ቆዳውን ቆንጠጥ፣ «ጎሽ»፣ ጉርሻ፤ ቀጥሎ ይኸንኑ ጎረቤት ወይም ዘበኛው ያድርገው፣ በመጨረሻም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ በእጁ ይዞ።