የሁለት ሳምንት ዘመድ፦ ሙግት

ይቅር

ወላጅ አልባና አካል ጉዳተኛ ሕፃናትን ሊንከባከብ ከባሕር ማዶ ለጥቂት ሳምንታት የሚመጣ በጎ ፈቃደኛ ከሚጠቅመው የሚጎዳው ይበልጣል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 5.4 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት በተቋም ያድጋሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው፤ ከቤት ያስወጣቸው ድህነት ነው። ገንዘቡና ጎብኚው ልጅ ወደ ሞላበት ግቢ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ግቢው ልጅ እንዲጎድልበት አይፈልግም።

ለአንድ ጥናት ሲባል በሮማንያዋ ቡካሬስት በተቋም የነበሩ 136 ሕፃናት በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ለማደጎ ቤተሰብ ተሰጡ፣ ግማሾቹ ባሉበት ቆዩ። በ54 ወራቸው የአእምሮ ብቃት ሲለካ የማደጎዎቹ አማካይ ውጤት 81፣ የተቋሞቹ 73 ሆነ። ሕፃን የማይቀያየር አሳዳጊ ይሻል፤ በጎ ፈቃደኛ ግን ሥራው መቀያየር ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሕፃናት ማሳደጊያዎች ላይ የሚደረገውን በጎ ፈቃደኝነትና ጉብኝት አስመልክቶ አስጠንቅቋል።

የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲፈነዳ ከሱዳኗ ገላባት ወደ ኢትዮጵያዋ መተማ ዮሐንስ ከተሻገሩት መካከል ከዘመድ የተለያዩ ልጆች ነበሩ። እነሱን መመዝገብ፣ ዘመድ ማፈላለግ፣ ጉዳያቸውን መከታተል አረብኛ የሚያውቅ ቋሚ ሠራተኛ ይጠይቃል። እግሩ ተቆልምሞ የተወለደ ሕፃን እንኳን በየሳምንቱ ጀሶ እየተቀየረለት ሳምንታት ይቆያል፤ ከዚያም እስከ 4 ዓመት ማቃኛ ጫማ ያደርጋል። ለሁለት ሳምንት የመጣ እንግዳ ሁለት ጀሶ ቀይሮ ይሄዳል።

ይምጡ

ሕፃን ሲያለቅስ የሚያነሣው ሰው ስንት ሳምንት እንደሚቆይ አይጠየቅም።

ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በረኃብ ዘመን፣ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሄዱ። ከሞተች እናቱ ጡት ያልተላቀቀ ሕፃን መንገድ ዳር አዩ። ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ፤ ትዳራቸውም በዚሁ ፈረሰ። ያን ቀን በእጃቸው ጥናት አልነበረም። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንም በ1951 ዓ.ም. ለሦስት ዓመት ተዋውለው ከአውስትራሊያ መጡ፤ ያረፉት አዲስ አበባ ውስጥ በ2012 ዓ.ም. ነው። ማን እንግዳ ሆኖ እንደሚቀር፣ ማን ዘመድ እንደሚሆን በር ላይ አይታወቅም።

የምዕራብ ጎንደርን ቆላ በክረምት ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ዋልካው ሲርስ በእርዳታ የመጣው ባለቀጭን ጎማ ተሽከርካሪ ወንበር እስከ መሐሉ ይሰምጣል፤ ልጁን ወደ ውኃ ቦቴው የሚያደርሰው የሰው ጀርባ ነው። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በዚሁ ቆላ በአውላላ መጠለያ የነበሩ ከሺህ በላይ ስደተኞች ዝርፊያና ጥቃት ሸሽተው ጫካ ዳር ላስቲክ ወጥረው ሲከርሙ ቋሚ ሠራተኛ የሚባለው የት ነበር?

መልስ፦ ይቅር

የሐምሊንን ስም እዚህ ማንሣት አግባብ አይደለም። የማህፀን ሐኪም ነበሩ፤ ሙያቸውን ይዘው መጡ፣ ለኢትዮጵያውያንም አስተማሩ። ፎቶ ተነሥቶ የሚመለስ የኮሌጅ ተማሪ ከእሳቸው ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. ለውጭ አገር ዜጎች ማደጎ መስጠትን የከለከለችው እንባ አጥታ አይደለም፤ ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ በአንድ ዓመት ብቻ ከ2,500 በላይ ልጆች ወደ አሜሪካ ሲሄዱ አይታ ነው። አገሩ የራሱ መንገድ አለው፦ የጡት ልጅ ሲያዝ አሳዳጊው ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ያጠባል፣ ከዚያ ወዲያ ልጁ ልጅ ነው። የአውሮፕላን ትኬቱ ዋጋ ለእንዲህ ያለ ቤት ይድረስ።

መልስ፦ ይምጡ

«ሁለት ጀሶ ቀይሮ ይሄዳል» ማለት ፌዝ ነው። ሁለቱን ጀሶ ማን ሊቀይር ነበር? ቡካሬስት ከመተማ ሩቅ ነው፤ እዚያ ልጅን የሚቀበል ቤተሰብ ተገኝቶ ልጆቹን በዕጣ ለመክፈል እንኳ ተችሏል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ስደተኞቹ ከኩመርና ከአውላላ መጠለያዎች ወደ አፍጥጥ መጠለያ ተዛውረዋል፤ የሚረዳ እጅ እዚያም ያስፈልጋል። ዋልካው ጥቅምት ላይ ይጠነክራል፤ ለመሄድ ያሰበ ሰው እስከዚያ የሱዳን አረብኛ ይልመድ።