ለጤፍ አዳቃዮች እናዋጣ

በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የምንኖር ወገኖቼ! ከሱቅ አንድ እሽግ እንጀራ ገዝተን ስንወጣ ለዱቄቱና ለጋጋሪዋ ድካም ከፍለናል። ለዘሩ ግን ከፍለን አናውቅም። አሁን እንክፈል!

የጤፍ አገዳ ቀጭን ነው። ማዳበሪያ ሲያገኝና ፍሬው ሲከብድ ይጋሽባል። 3 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት ተዘርቶ በአማካይ በሄክታር ከ20 ኩንታል በታች የሚታፈሰው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስንዴና ሩዝ አገዳቸውን የሚያሳጥር ጂን ተገኝቶላቸው ከዚህ ችግር ወጥተዋል፤ ዓለም ገንዘቡን አፍስሶላቸዋልና። ጤፍ ከእኛ ሌላ ማን አለው?

ሥራው ግን ተጀምሯል። ዶክተር ታረቀ በርሄ እ.ኤ.አ. በ1974 የጤፍ አበባ ማለዳ ላይ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት ደረሱበት፤ ጤፍን በእጅ ማዳቀል የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። በዚሁ መንገድ የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች ምርታማውን የዱከም ዝርያ ከነጩ ማኛ ጋር አዳቅለው እ.ኤ.አ. በ2006 ቁንጮ የተባለውን ዝርያ ለገበሬው አደረሱ። ለዓይን እንኳ የምታስቸግር አበባ ላይ አጎንብሶ ወንዴዋን በጥንቃቄ የሚነቅል ሰው ነው ይህን የሠራው። እንዲህ ያለ ሰው ያስፈልገናል፤ ብዙ!

ጉዳዩ ምርት ማብዛት ብቻም፣ ጤፍ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሺዎች የሚቆጠሩ የማሽላ ናሙናዎችን መርምረው፣ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር የበዛባቸው ሁለት ብቻ አገኙ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ናቸው። ፍሬያቸው ግን የተጨማደደ፣ ምርታቸውም አነስተኛ ነበር። ያን ምግብነት ከጥሩ ምርት ጋር በአንድ ዛላ ላይ ማገናኘት የአዳቃይ ሥራ ነው። የካሊፎርኒያን ገብስ ከቢጫ አቀጭጭ ቫይረስ የታደገው ጂንም ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ ነው። ዘራችን ለሌላው ከተረፈ፣ ለወሎ ሕፃን ስለ ምን አይደርስም?

ዕድሮቻችን አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመሸኘት በአንድ ሌሊት ገንዘብ ያሰባስባሉ። ያ ጉልበት ለሕያዋንም ይዋል! እያንዳንዱ ቤተሰብ በወር የአንድ እሽግ እንጀራ ዋጋ ያስቀምጥ። በደብረ ዘይትና በአዴት የምርምር ማዕከላት የሚሠሩ ወጣቶችን በሰብል ማዳቀል ሁለተኛ ዲግሪ እናስተምርበት፤ ገንዘቡም በቀጥታ ለትምህርት ክፍያ ይግባ፣ ደረሰኙ በዕድሩ ፊት ይነበብ። በዚህ አካባቢ ላቦራቶሪዎች የምትሠሩ የዘረመል ባለሙያዎች ደግሞ ከሳምንታችሁ አንድ ሰዓት ስጡን፤ የዲኤንኤ መረጃ መተንተን በኢንተርኔት ማስተማር ይቻላል።

በዚህ ሳምንት የዕድራችሁን፣ የቤተ ክርስቲያናችሁን፣ የመስጊዳችሁን ሰብሳቢ አነጋግሩ። ከየማኅበሩ ሁለት ሁለት ሰው ይመረጥ። ለመጪው እንቁጣጣሽ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ተመዝግበው ይጠብቁን።