ዝምታችን ከአስፋልቱ ሥር እንዳይቀበር

እኩዮቼ ሆይ፣ ፀጉራችን የነጣው በአንድ ዘመን ነውና አንዳችን ከሌላችን የምንሰውረው ነገር የለም። ከተሞቻችን መልካቸውን እየለወጡ ነው። በነቀምቴ የኮሪደር ልማቱ ጎዳናዎችን ይዞ ተነሥቷል፤ የእግረኛው መንገድ ከመኪናው ይለያል፣ ቦይ ይቆፈራል፣ የመብራት ምሰሶ ይተከላል። ነቀምቴን ከቡሬ የሚያገናኘው መንገድ ደግሞ በአንገር ጉቲን አልፎ ዓባይን የሚሻገር ነውና፣ ዛሬ በትልቁ ከተማ የምናየው ሥራ ነገ በትንንሾቹ ከተሞች ደጃፍ እንደሚደርስ አልጠራጠርም። ይድረስም። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ የወለጋን ክረምት ጭቃ የተሻገረ ሰው መንገድን ሊጠላ አይቻለውም።

እንቅልፍ የነሣኝ የእኛው የሽማግሎቹ ዝምታ ነው። ቀያሹ ቀይ ምልክቱን በየአጥሩና በየግድግዳው ሲያደርግ በረንዳ ላይ ተቀምጠን እናየዋለን። ስለ ካሳውና ስለ ምትክ ቦታው እንመካከራለን፣ ይህም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ያ ቤት የማን እንደነበረ፣ በዚያ ዛፍ ጥላ ሥር የትኛው ጎሣ ከየትኛው ጋር ደም እንደታረቀ፣ ከአጥሩ ጥግ ያለው የድንጋይ ክምር የማን መቃብር እንደሆነ አንድም ቃል አይወጣንም። ቀያሹ ልጅ ነው፣ ምናልባትም ከሩቅ አገር የመጣ። እኛ ያልነገርነውን ከወዴት ያገኘዋል? ወረቀቱ ላይ ያለው የመንገዱ ስፋት ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ቸልታ ምን እንደሚያመጣ አስቀድመን አይተነዋል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ድሀው ጣራ ማግኘቱ በጎ ነበር፤ ነገር ግን በየከተማው ባለ ታሪክ የነበሩ ቤቶች የቀበሌ ቁጥር ተጽፎባቸው፣ ተከራይ የማያድሳቸው፣ አከራይም የማይጠግናቸው ሆነው ቀሩ። ጣራቸው አፈሰሰ፣ እንጨታቸው በሰበሰ፣ በደጃቸው ላይ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ተደራረበ፤ ልጆቻችንም ሲያድጉ ያዩት ያንን ጉስቁልና ስለነበረ ከውስጡ ሌላ ነገር እንዳለ የሚጠረጥሩበት ምክንያት አልነበራቸውም። ወላጆቻቸው ደግሞ በዚያ ዘመን የትናንቱን ጌታ ስም ማንሣት በራስ ላይ ጣጣ መጥራት ስለነበረ ዝም አሉ። ፍርሃቱ አለፈ፤ ዝምታው ግን ልማድ ሆኖ ከእኛ ጋር አረጀ። ዛሬ እነዚያን ቤቶች ለማፍረስ የሚመጣው ሰው ፍርስራሽ ቢላቸው የሚፈረድበት እሱ ብቻ አይደለም።

ነቀምቴ ባዶ አገር አይደለችም። የሞረዳ በከሬና የልጃቸው የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ዛሬም ቆሟል። በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ በምጽዋ ነጻ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ከታተመ በኋላ፣ በ1904 መጥቶ ያስተማረውና ኋላም ያረፈው እዚሁ ነው። ከከተማዋ ብዙም በማይርቀው የቦናያ ሜዳ፣ በሰኔ 1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን የወረዱት የኢጣልያ መኮንኖች በሌሊት ተገድለው አውሮፕላኖቻቸው ተቃጥለዋል፤ ጄኔራል ማልዮኮም ከሟቾቹ አንዱ ነበር። እነዚህ በመጽሐፍ የተጻፉ ናቸውና ስማቸው አይጠፋም፣ ጠያቂም አላቸው። እኔ የምሰጋው ጸሐፊ ላላገኙት ነው፤ ለመጀመሪያው የእህል ገበያ ቦታ፣ ለቀደሙት አስተማሪዎች መኖሪያ፣ ነጋዴ በቅሎውን ያሳርፍበት ለነበረው ግቢ፣ ለመንደሩ ምንጭ። የእነዚህ መዝገብ የእኛ ራስ ነው፤ እኛ ደግሞ በየወሩ እየተቀበርን ነው።

በአንገር ሸለቆ ያለው ነገር ከዚህም ይብሳል። ያ ቆላ በወባው ይፈራ የነበረ አገር ነው፤ በደርግ ዘመን የሰፈራ ጣቢያና የመንግሥት እርሻ ሲገባበት ከየአቅጣጫው የመጣ ሕዝብ በላዩ ተቀመጠ፣ ዱሩ ተመነጠረ፣ ቦታውም አዲስ ስም ወጣለት። ቀድሞ የነበረው የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፣ የመጣው የሚያውቀው ሌላ፤ ሁለቱ ተቀምጠው አልተጨዋወቱም። የኦሮሞ ጉባኤ ጥንት የሚቀመጠው በኦዳ ዛፍ ሥር ነው፤ ሕግ የተነገረበት፣ እርቅ የወረደበት ዛፍ ከሌላው ዛፍ በቅርፊቱ አይለይም፣ የሚለየው በሚያውቀው ሰው ምስክርነት ብቻ ነው። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧልና ደስ ብሎናል፤ ነገር ግን መንገድ ለማስፋት ግንዱ የሚቆረጠው ዛፍ በሩቅ አገር ያለ መዝገብ አያስጥለውም። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ከአንገር ጉቲንና ከኪረሙ በግጭት የተነሣ ስንቱ ሰው፣ ኦሮሞ ነው አማራ ነው ሳይባል፣ ቤቱን ጥሎ እንደወጣ ሁላችንም እናውቃለን። የወጣው ሰው በጆንያ ያልያዘው ነገር ቢኖር የቦታውን ትዝታ ነው፤ ትዝታው በልቡ አለ፣ ቦታው ግን ያለ ተናጋሪ ቀርቷል። እንዲህ ባለ አገር ላይ ማሽን ሲሰማራ ለተቆፋሪው አፈር ማን ይመሰክርለታል?

የመንገድ ሥራ ቅርስን ብቻ ያጠፋል አልልም፤ ሊገልጠውም ይችላል፣ ልቤን ተስፋ የሚያሰንቀውም ይኸው ነው። በሐረር፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራውንና በ1998 ዓ.ም. ከተማዋ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችበትን የጀጎልን ግንብ ተጠግተው የነበሩ ሱቆችና ዳሶች በኮሪደሩ ሥራ ሲነሡ፣ ተሸፍኖ የኖረው ድንጋይ ብርሃን አየ። በኢስታንቡል ከባሕር ሥር ለሚያልፈው ባቡር ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሲቆፈር፣ በዬኒካፒ የጥንቱ ወደብ ከ37 መርከቦች ጋር ተገኘ፤ ሥራው ለዓመታት ዘገየ፣ ባቡሩም በመጨረሻ ተንቀሳቀሰ። በግሪኳ ተሰሎንቄ ከዛሬው ጎዳና ሥር የሮማውያኑ ጎዳና ከነሱቆቹ ብቅ ሲል፣ ይነሣ አይነሣ የሚለው ክርክር ዓመታት ፈጅቶ፣ ድንጋዩ ተነሥቶ ተመልሶ በቦታው ተተከለና እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 በተከፈተው ባቡር የሚሄደው ሕዝብ ዛሬ እያየው ያልፋል። ልብ በሉ፣ በነዚህ ሁሉ ስፍራዎች የተገለጠው ነገር የተረፈው አይቶ ምን እንደሆነ የለየ፣ ለይቶም የጮኸ ሰው ስለነበረ ነው። አካፋ የሚያወጣውን አካፋ አያውቀውም።

ጩኸቱ ሲዘገይ ምን እንደሚሆን ለማየት ደግሞ ከአዲስ አበባ አያልፍም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ሥራው እጅግ ፈጣን ነበር። የሚያሳፍር ጉስቁልና የነበረበት ሰፈር መሆኑን አልክድም፣ ዛሬ የተነጠፈውም ጎዳና ያምራል። ነገር ግን ነዋሪው ወደየዳር አገሩ ሲበተን ዕድሩም አብሮ ተበተነ፤ የትኛው በር የማን እንደነበረ በቃል የሚቆጥሩት ሽማግሎች ዛሬ በአንድ ለቅሶ አይገናኙም። ብዙ ሰው ስለ ሰፈሩ መጻፍ የጀመረው ከፈረሰ በኋላ ነው። ከሞት በኋላ የሚመጣ ሐኪም የሚሠራው ሥራ የለውም።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቤት ሲሠራ፣ መንገድ ሲቆፈር፣ ማዕድን ሲፈለግ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅና የቅርስ ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ሳይነካ እንዲጠብቀው ያዝዛል፤ ስድስት ወር ሙሉ መልስ ካጣ ብቻ ከኃላፊነቱ እንዲወጣ ይፈቅዳል። ሕጉ ያገኘውን ሰው ያዝዛል። የእስካቫተሩ ነጂ ግን ሥራው ቢቆም ማን እንደሚከፍለው አያውቅም፤ የሸክላ ስብር ወይም የተደረደረ ድንጋይ ቢያይ አፈር መልሶበት ቢያልፍ ማን ያየዋል? በቦታው የቆመ፣ ነገሩን አስቀድሞ የሚያውቅ፣ ተከብሮም የሚደመጥ ሽማግሌ ከሌለ አዋጁ ወረቀት ነው። የድሮው ጃርሳ ቢያ፣ የአገር ሽማግሌው፣ የሚፈራው ለምን ነበር? ነገር ሲበላሽ ቀድሞ ስለሚነሣ ነበር።

ይህ ቸልታ የሚያደርሰን ቦታ የውበት ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተጨነቅሁ። የልጅ ልጆቻችን ባማረ የእግር መንገድ ላይ እየሄዱ አያታቸው ምን እንደሠራ ባያውቁ ያሳዝናል፣ ግን ይኖራሉ። እኔ የማየው ከዚያ የከፋ ነው። ይህ ምድር ማን ቀድሞ ደረሰ፣ ማን ኋላ መጣ በሚል ክርክር ደም የፈሰሰበት ምድር ነው። ምስክር የሌለው አገር የወሰን ድንጋዩ እንደተነቀለ ማሳ ነው፤ ጉልበት ያለው ሁሉ ማረሻውን ይሰድበታል። አሮጌው የገበያ ቦታ ኦሮሞው፣ አማራውና ሌላውም በአንድ ዛፍ ጥላ ቅቤና በርበሬ የተለዋወጡበት መሆኑን የሚያሳይ ድንጋይ ሳይቀር፣ የሚናገርም ሽማግሌ ሳይቀር ሲጠፋ፣ ነገ አንድ ወጣት ተነሥቶ በዚህ ስፍራ ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም ቢል ምን ተብሎ ይመለሳል? የሌለውን ታሪክ መፍጠር የሚቀናው የነበረው ሲደመሰስ ነው። አብሮ የመኖራችንን ማስረጃ በገዛ ዝምታችን አስቆፍረን ካስጣልን፣ የሚቀጥለው ግጭት ሲመጣ ሽምግልና ብንቀመጥ የምናሳየው ነገር አይኖረንም።

ጊዜ ግን አለን። የነቀምቴው ሥራ ገና አላለቀም፣ ወደ አንገር ጉቲን የሚመጣውም ገና ነው። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ በየቀበሌያችሁ ሄዳችሁ የመንገዱ ወሰን እስከ የት እንደሚደርስ በፕላኑ ላይ አስነብቡ። ከዚያ ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ ስልክ የያዘ የልጅ ልጅ አስከትላችሁ፣ በእግራችሁ ዙሩት፤ ይህ መቃብር ነው፣ ይህ የእገሌ ቤት ነበር፣ ይህ የእርቅ ዛፍ ነው እያላችሁ ሳትቸኩሉ ንገሩት፤ ይቅረጸው። በኦሮምኛም በአማርኛም ይጻፍ። የተፈናቀሉት ጎረቤቶቻችሁ የት እንዳሉ ካወቃችሁ ደውላችሁ ጠይቋቸው፣ እኛ የማናውቀውን ያውቃሉና። የጻፋችሁትን ፈርማችሁ አንዱን ቅጂ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ፣ አንዱን ለመንገዱ ሥራ ተቋራጭ፣ አንዱን ለትምህርት ቤቱ ስጡ፤ የተቀበለበትንም ፊርማ ያዙ። ቁፋሮው ሲጀመር ደግሞ በየተራ በስፍራው ተገኙ። ጉልበት የሌለው ወንበር ያስይዝ። ክረምቱ ሲወጣ ማሽኑ ይመለሳል፤ ከዚያ በፊት ይህን ጨርሱ።